ክላሲክ መኪና ላይ ራዲያል ጎማ ገባ፣ ንፋሱ ስንት ይሁን?

የድሮ መኪናችሁን ባያስ ጎማ አውልቃችሁ ራዲያል አስገባችሁ እንበል። ማንዋሉን ስትከፍቱ 24 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይላል፣ የጎማውን ጎን ስታነቡ 44 ተጽፏል፣ ጎሚስታው ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ አራቱንም 35 ሞልቶ ይሸኛችኋል። ከሶስቱ የቱን ትያዙ? እውነቱን ለመናገር አንዱም የናንተን መኪናና የናንተን ጎማ አንድ ላይ አይቶ የወጣ ቁጥር አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በእያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም በፊት ጎማዎቹና በኋላ ጎማዎቹ ላይ ለየብቻ ካረፈው ክብደት ነው፣ እሱን ደግሞ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በካልኩሌተር ታወጡታላችሁ፣ ከዛ መንገድ ላይ ታስተካክሉታላችሁ። ስራው ይሄው ነው፣ ቀሪው ዝርዝር ነው ግን ዝርዝሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ ማንዋሉ ለምን እንደማያገለግል። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማንዋል የተጻፈው ለባያስ ጎማ ነው። ባያስ ጎማ ውስጥ ያሉት ክሮች እርስ በርስ ተቆራርጠው በሰያፍ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ጎኑም ጥርሱም አንድ ላይ የተያያዘ ጠንካራ ነገር ነው፣ ንፋሱ አነስ ቢል እንኳን የጎማው አካል ራሱ የተወሰነ ክብደት ይሸከማል። ራዲያል ላይ ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብለው ነው የሚሻገሩት፣ ከጥርሱ ስር ደግሞ የሽቦ ቀበቶ አለ። ጥርሱ ጠፍጣፋ ሆኖ መሬት ይይዛል፣ ጎኑ ግን ለስላሳ ነው እንደልብ ይተጣጠፋል። ሚሽሊን ይሄን አሰራር 1946 እ.ኤ.አ. ላይ ፓተንት አስመዝግቦ ከጥቂት አመት በኋላ ገበያ ላይ አዋለው፣ አውሮፓ ቶሎ ተቀበለው፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን በደንብ የገቡበት በ70ዎቹ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ክላሲክ ያላችሁ ሰዎች ማንዋላችሁ ውስጥ ስለ ራዲያል ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ፣ የአውሮፓ መኪና ያላችሁ ደግሞ አንዳንዴ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ታገኛላችሁ፣ እንደዛ ከሆነ እድለኞች ናችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ድሮ ፋብሪካዎቹ ንፋሱን ዝቅ የሚያደርጉት ለምቾት ብለው ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ መኪናዎች 24 ምናምን የሚሉት መኪናው እንዲንሳፈፍ ተፈልጎ ነው እንጂ ጎማው ያንን ስለወደደ አይደለም። ያንን 24 ከባድ መኪና ላይ በራዲያል ብትሞሉት ጎኑ በየዙሩ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ የሽቦውን ቀበቶ ከላስቲኩ ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ቀስ እያለ ያላላዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፋየርስቶን በሚሊዮን የሚቆጠር ጎማ መልሶ የሰበሰበበት የፎርድ ኤክስፕሎረር ጉዳይ ላይ ከተነሱት ክርክሮች አንዱ ይሄው ነበር፣ ፎርድ ለመኪናው 26 ፒኤስአይ ብሎ ነበር፣ ጭነትና ሙቀትና ፍጥነት ሲደመርበት ለስህተት የሚተርፍ ቦታ አልነበረውም። የጎማው የራሱ ችግርም ነበረበት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

የጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥርስ? እሱ ጣሪያ ነው። 35 ወይም 44 ወይም 51 ፒኤስአይ ብሎ የተጻፈው "ከዚህ በላይ እንዳትሄዱ" ለማለት ነው፣ ያንን ጣሪያ ሞልታችሁ ቀላል የድሮ መኪና ላይ ብታደርጉት መኪናው ጠጠር በረገጠ ቁጥር ይዘላል፣ የሚይዘው መሬት ይጠብባል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። አራቱንም 35 የሚሞላው ጎሚስታ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ዛሬ ከሚገቡለት መኪናዎች አብዛኞቹ እዛ አካባቢ ስለሆኑ ነው እጁ የለመደው።

አሁን ወደ ስሌቱ።

መጀመሪያ ጎማውን አንብቡ። ከሳይዙ ቀጥሎ ቁጥርና ፊደል አለ፣ ለምሳሌ 88 ኤስ፣ ወይም 82 ቲ። ቁጥሩ የጭነት ኢንዴክስ ይባላል። 82 ማለት 475 ኪሎ፣ 84 ማለት 500፣ 86 ማለት 530፣ 88 ማለት 560፣ 91 ማለት 615፣ 95 ማለት 690 ኪሎ ነው፣ ይሄ ለአንድ ጎማ ነው። መደበኛ የሚባለው የመኪና ጎማ ያንን ሙሉ ጭነት የሚሸከመው 36 ፒኤስአይ አካባቢ ሲሞላ ነው፣ በባር 2.5 መሆኑ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ የመሸከም አቅሙም አብሮ ይወርዳል፣ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው ያለው።

ኤክስ ኤል የሚል ጽሁፍ ካለው ግን ተጠንቀቁ፣ እሱ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው 42 ላይ ነው። ብዙ ሰው ኤክስ ኤል ጠንካራ ስለሆነ ንፋስ ብቀንስም ችግር የለም ይላል፣ ተሳስቷል፣ እኩል ንፋስ ላይ ኤክስ ኤሉ ከመደበኛው የተለየ ነገር አይሸከምም፣ ተጨማሪ አቅሙ የሚመጣው ከተጨማሪው ንፋስ ነው። ሲ የሚል የሚኒባስና የፒክአፕ ጎማም የራሱ ሌላ ቁጥር ስላለው በዚህ ስሌት አትንኩት።

ቀጥሎ መኪናውን መዝኑ። የጭነት መኪና ሚዛን ካገኛችሁ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥታችሁ መዝኑ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ። መኪናውን ባዶ አትመዝኑ፣ ታንከር ሙሉ፣ ብዙ ጊዜ አብረዋችሁ የሚሄዱት ሰዎች ቁጭ ብለው፣ ዕቃም ካለ ተጭኖ። ሚዛን ካላገኛችሁ ማንዋሉ ላይ ለእያንዳንዱ አክስል የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደት ተጽፎ ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ ትንሽ ያበዛል ግን ወደ ጥንቃቄው በኩል ነው።

ምሳሌ እንስራ። መኪናው ከነሰዉ ከነዕቃው 1600 ኪሎ ሆነ እንበል፣ ፊት 780፣ ኋላ 820። ለሁለት ስታካፍሉት አንዱ የፊት ጎማ 390 ኪሎ ይሸከማል፣ አንዱ የኋላ 410። የገዛችሁት ጎማ 88 ነው፣ ማለትም 560 ኪሎ በ36 ፒኤስአይ። 390ን ለ560 ስታካፍሉ 0.70 ገደማ ይመጣል፣ በ36 ስታባዙት 25። ኋላው 410 ለ560፣ 0.73፣ በ36 ሲባዛ 26 ከምናምን። ይሄ የመጨረሻው ወለል ነው፣ ከዚህ በታች አይወረድም። እዛ ላይ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ጨምሩ፣ ምክንያቱም ግራና ቀኙ እኩል አይመዝንም፣ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደፊት ይሮጣል፣ የንፋስ መለኪያ ጌጃችሁም ትንሽ ሊዋሽ ይችላል፣ ጎማ ደግሞ ሳይነካም በወር ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ፊት 28፣ ኋላ 30 ብላችሁ ትጀምራላችሁ።

የጎማ ባለሙያዎቹ ከዚህ ትንሽ ወጣ ያለ ቀመር ነው የሚጠቀሙት፣ እነሱ ጋ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ይሄ ቀጥታ ማካፈልና ማባዛት ግን በራሱ መጠባበቂያ አለው፣ ደግሞ በቃል ይያዛል፣ እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

ክፍፍሉ 0.9 ወይም ከዛ በላይ ከመጣባችሁ ንፋስ ጨምሬ እወጣዋለሁ ማለት አይሰራም፣ ጎማው ለመኪናው ትንሽ ነው፣ የጭነት ኢንዴክሱ ከፍ ያለ ፈልጉ። በሌላ በኩል ቀላል መኪና ላይ ትልቅ ጎማ ካስገባችሁ ስሌቱ 20፣ 21 ሊያወጣላችሁ ይችላል፣ እንደዛ ሲሆን ፋብሪካው ራሱ ለራዲያል ዝቅ ያለ ቁጥር ካልሰጣችሁ በስተቀር ከ26 በታች አትጀምሩ።

ፋብሪካው ዝቅ ያለ ቁጥር የሰጠበት ጥሩ ምሳሌ የድሮዋ ቮልስዋገን ቢትል ናት። ለ155 አር 15 ራዲያል የተሰጣት ፊት 18፣ ኋላ 27 ነው። ለባያሱ 16 እና 24 ነበር። ሰው 18ን ሲያይ ይደነግጣል፣ ግን ስሌቱን ብታስገቡበት በጣም ቅርብ ይመጣል፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ፊቷ ላይ የሚያርፈው ክብደት አነስ ያለ ነው። ያቺ የ9 ፒኤስአይ ልዩነት ግን ከክብደትም በላይ ስራ አላት፣ እሷ ጋ ትንሽ ልቆይ።

የፊትና የኋላ ልዩነት መኪናው ኩርባ ላይ እንዴት እንደሚሆን ይወስናል። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በኩርባ ውስጥ የበለጠ ወደ ጎን ይሸሻል። ሞተሩ ኋላ የሆነ መኪና በተፈጥሮው ጅራቱ ነው መውጣት የሚፈልገው፣ ስለዚህ ፋብሪካው ሆን ብሎ ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ፊቱ ቀድሞ እንዲሸሽና ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሶ እንዲተርፍ። ሞተሯ ኋላ የሆነችው ቼቭሮሌት ኮርቬየር የ1960 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሆና ስትወጣ የታዘዘላት ፊት 15፣ ኋላ 26 ነበር። እሷን ወስዶ አራቱንም 26 መሙላት ማለት ፋብሪካው ያስቀመጠውን መከላከያ ማንሳት ነው፣ ኩርባ ላይ በድንገት ዞር ትላለች። ስለዚህ ማንዋላችሁ ውስጥ ያለውን ዋና ቁጥር ለራዲያል ባትጠቀሙበትም በፊትና በኋላ መሀል ያለውን ልዩነት ግን ጠብቁት። ማንዋሉ 24 እና 28 ካለ፣ ራዲያሉ 28 እና 32 ይሁን፣ 30 እና 30 አታድርጉት። ስሌቱና የማንዋሉ ልዩነት ካልተስማሙ ከወለሉ ሳትወርዱ ለልዩነቱ አድሉ።

ከመሙላታችሁ በፊት ጎማው የሚቀመጥበትን ቸርኬ ተመልከቱት፣ ይሄ ክላሲክ መኪና ላይ ቀልድ አይደለም። ድሮ የተሰሩ ቸርኬዎች ላይ ዛሬ ያለችው ጎማው ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት የምትይዘው ጉብታ ላትኖር ትችላለች፣ ንፋስ አንሶ ኩርባ በፍጥነት ከተያዘ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ይላቀቃል። ራዲያል ደግሞ ከባያስ በላይ መሬት ስለሚጨብጥ ኩርባ ላይ ቸርኬውን የበለጠ ያጣምመዋል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያና ብየዳው ላይ ስንጥቅ ካለ በባትሪ መብራት አይታችሁ ቸርኬውን ጣሉት። የቸርኬው ሽፋን እየወለቀ የሚወድቅ ከሆነ እሱም አንድ ምልክት ነው። የሽቦ ቸርኬ ከሆነ ወይም በሪቬት የተያያዘ ከሆነ ንፋስ ስለማይቋጥር ከመነዳሪ ያስፈልገዋል፣ ከመነዳሪውም ለራዲያል የሚሆን ተብሎ የተሰራ ይሁን፣ የድሮውን የባያስ ከመነዳሪ መልሳችሁ ካስገባችሁት ራዲያሉ ሲተጣጠፍ እየፈተገው ይበሳዋል።

ባያስና ራዲያል በአንድ አክስል ላይ መቀላቀል ፈጽሞ አይሆንም። በጀት አልበቃ ብሎ ሁለት ራዲያል ብቻ ከገዛችሁ ኋላ አስገቡ፣ ፊት ራዲያል ኋላ ባያስ የሆነ መኪና ጅራቱን ይጥላል። ግን ግድ ካልሆነ አራቱን አንድ ላይ ቀይሩ።

የጎማውን ዕድሜም እዛው እያላችሁ እዩት። ዲኦቲ ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሰራ ነው። ሶስት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም ንፋሱን ስንት ልሙላ ብላችሁ አትድከሙ፣ አስወግዱት። ክላሲክ መኪና ብዙ ስለማይነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ነው የሚያረጀው፣ 10 አመት የሞላውን ጎማ ምንም ያህል ቢያምር ማመን ከባድ ነው።

አሁን መለካቱ። መኪናው ቢያንስ ሶስት ሰአት ቆሞ፣ ጥላ ውስጥ፣ ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው። የራሳችሁ ጌጅ ይኑራችሁ፣ ኮምፕረሰሩ ላይ የተንጠለጠለው ስንቴ መሬት ወድቆ እንደተነሳ አይታወቅም። ጌጁን ቫልቩላው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ በአንዴ ጫን፣ ትስ የሚል ድምጽ ከቀጠለ ዘመም ብሏል፣ ያነበባችሁትን አትመኑት፣ አውጡና ድገሙ። ሁለቴ አንድ አይነት ካነበበ ጨርሳችኋል። ሁልጊዜ በአንድ ጌጅ ለኩ፣ ጌጁ በአንድ ፒኤስአይ ቢሳሳት እንኳን ሁሌም በተመሳሳይ ስለሚሳሳት ትግባባላችሁ። ባር የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ 2 ባር ማለት 29 መሆኑን ብትይዙ ይበቃል። ሲጨርሱ የቫልቩላውን ክዳን መመለስ አይረሳ፣ ቆሻሻ የሚገባው በሱ ነው።

አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጎማው ወደ 1.5 ፒኤስአይ ይቀንሳል፣ ሲሞቅም እንደዛው ይጨምራል። ከቆላ ተነስታችሁ ከፍታ ላይ ስትወጡም በየ1000 ሜትሩ ጌጁ 1.5 ገደማ ከፍ ይላል፣ ዙሪያው ያለው አየር ስለሳሳ ነው እንጂ ጎማው ውስጥ የገባ ነገር የለም። ስለዚህ ወቅት ሲቀየርና ረጅም ጉዞ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ለኩ።

ከዛ መንገድ ላይ ፈትኑት። በቀዝቃዛው ለክታችሁ ጻፉ፣ ከዛ በተለመደው ፍጥነታችሁ ግማሽ ሰአት ያህል ንዱ፣ ቆማችሁ ወዲያው እንደገና ለኩ። ወደ 4 ፒኤስአይ ከጨመረ ጥሩ ነው። 6 ወይም ከዛ በላይ ከዘለለ ጎማው ከልክ በላይ እየተጣጠፈ እየሞቀ ነው፣ በነጋታው ሲቀዘቅዝ 2 ጨምሩና ድገሙ። 2 እንኳን ካልሞላ ደግሞ ንፋሱ በዝቷል፣ 2 ቀንሱ፣ ከወለሉ ግን አትውረዱ። በምንም ምክንያት የሞቀ ጎማ ላይ ቁጥሩ በዛ ብላችሁ ንፋስ አታስወጡ፣ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ፈተና የጠመኔ ነው፣ እኔ ይሄን እወደዋለሁ ምክንያቱም ምንም አያስወጣም። ነጭ ጠመኔ ይዛችሁ ጥርሱ ላይ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው ወፈር ያለ መስመር አስምሩ፣ በአራቱም ጎማ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ መሪውን ሳታዞሩ ጥቂት መቶ ሜትር ንዱና ውረዱ። መስመሩ በሙሉ እኩል ከደበዘዘ ጎማው ሙሉ ለሙሉ መሬት እየረገጠ ነው። መሀሉ ጠፍቶ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ ከቀረ ንፋሱ በዝቷል። ዳርና ዳሩ ጠፍቶ መሀሉ ከቀረ አንሷል። አንድ ዳር ብቻ ከጠፋ የንፋስ ጉዳይ አይደለም፣ አላይመንት አስደርጉ። በራዲያል ላይ የሽቦ ቀበቶው ጥርሱን ጠፍጣፋ አድርጎ ስለሚይዘው ንፋሱ ከሚገባው በላይ ቢሞላም ልዩነቱ እንደ ባያስ አፍጥጦ አይታይም፣ ስለዚህ ጠመኔውን በጥሞና አንብቡት፣ ከላይኛው የሙቀት ፈተና ጋርም አመሳክሩት።

በአይን መገመትን ግን እርሱት። ራዲያል በትክክል ተሞልቶም ከታች ሆዱ ወጣ ይላል፣ አሰራሩ ነው። ባያስ የለመደ ሰው ያንን ሲያይ ጎማው ተንፍሷል ብሎ 40 ይሞላል፣ ሌላው ደግሞ ራዲያል እንዲህ ነው ብሎ 20 የደረሰውን ዝም ይለዋል፣ ሁለቱም ያለ ጌጅ ነው የሚያወሩት።

መሪው ፓወር የሌለው ከሆነ ራዲያል ስታስገቡ ቆሞ ማዞሩ ይከብዳል፣ በተለይ ጎማውን ሰፋ አድርጋችሁ ከሆነ። ለዚህ ብሎ ፊቱን 2 ፒኤስአይ መጨመር ችግር የለውም ኋላውንም በዛው ልክ ካስከተላችሁ። ከዛ በላይ እየጨመሩ መሪ ማቅለል ግን ፍሬኑን መሸጥ ነው፣ ጎማው ጠበብ ያለውን ይምረጡ ይልቅ።

ጭነት የሚበዛበት ቀን፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ምናምን፣ ስሌቱን በዛ ክብደት አንዴ ሰርታችሁ ሁለተኛ ቁጥር ያዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው የኋላው ነው። ሁለቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሹፌሩ በር ውስጥ ለጥፉ፣ ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ እሱን አሳዩትና ከሞላ በኋላ በራሳችሁ ጌጅ አረጋግጡ። ስኮርታውን ለከባዱ ቀን የወጣውን የኋላ ቁጥር ላይ 3 ጨምራችሁ ሙሉት፣ ፊት ከገባ መቀነስ ይቀላል፣ መንገድ ዳር መሙላት ግን አይገኝም።

መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ቆሞ ጎማው በአንድ በኩል ጠፍጣፋ እንዳይሆን ከተለመደው ላይ 5 እስከ 8 ፒኤስአይ ጨምሩ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጣሪያ ሳታልፉ። መጀመሪያ ስታወጡት ግን ሳትነዱ ወደ ቁጥሩ መልሱት፣ ቀዝቃዛ እያለ።